የእኔ ነው ያልኩት ሐምራዊ አበባ

አበባውን ያየሁት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጭቃ ውስጥ በተሰነቀረ ቀን ነው። መስከረም ገና መግባቱ ነበር። ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ትምህርት ቤታችን የሚያስገባ አጭር የአፈር መንገድ አለ፤ በክረምት ማንም በደህና አያልፍበትም። ሹፌሩ ወርዶ ከኋላ ሲገፋ እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሣሩ ውስጥ ገባሁ። ሣሩ ከወገቤ በላይ ነው። ሣሩ ላይ የተጠመጠመ አንድ ሐረግ ጫፍ ላይ፣ ልክ ከደረቴ ትይዩ፣ ሐምራዊ አበባ ቆሞ ነበር።

የአተር አበባ አይቶ የሚያውቅ ሰው ዘሩን ወዲያው ይለየዋል። ከኋላ አንድ ሰፊ ቅጠል ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ይዘረጋሉ፣ ከፊት ደግሞ ሁለቱ ተጣብቀው ታንኳ ይሠራሉ። የዚህኛው ታንኳ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም፤ እንደ በግ ቀንድ ወደ ጎን ተጠማዟል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአበባ ክፍሎችን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስዬ አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ጠማማ ስዬ አላውቅም። ባጃጁ ወጥቶ ሹፌሩ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቅሁም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ቀናተኛ ነኝ። በዚሁ ክልል መቲ በምትባል ቦታ፣ ደን ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ወላጆቼ ከደጋ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ከአምስት እህትማማቾች መካከል መሃለኛዋ ነበርኩ። የታላቋ ልብስ፣ የታናሿ ድምፅ፣ የጎረቤት ልጅ ደብተር፣ ሁሉም ያስቀናኝ ነበር። አድጌ፣ ተምሬ፣ አግብቼም አልተወኝም። ጋምቤላ ስመደብ አብራኝ የመጣችው መምህርት ቶሎ ተዛውራ ስትሄድ እንኳ ቀንቼባታለሁ። በኋላ ከተማውን ለመድኩት፣ ወደድኩትም፤ ግን የእኔ የምለው ነገር አልነበረኝም። አበባው የእኔ ሆነ። ማንም አላየውም፣ እኔ አየሁት ብዬ አሰብኩ።

ማታ ለባለቤቴ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየሁት። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ነው የሚነዳው። ለእሱ ዕፅዋት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ማሽኑ የሚገፋቸውና ማሽኑ የማይገፋቸው።

«ይኼ አረም አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«የባቄላ ዘመድ ነው» አልኩት።

«ይበላል?»

«አላውቅም።»

አለማወቄ አላሳፈረኝም። በሁለት ክረምት ውስጥ አርባ ያህል ፎቶ አነሳሁ፣ ቅጠልና አበባውን በአሮጌ ጋዜጣ መሃል አደረቅሁ፣ ከሥሩ ቀኑን ጻፍኩ። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ አዲስ አበባ የሚገኙ የአንዲት የዕፅዋት ተመራማሪ ዶክተር ስልክ ሰጠችኝ፤ የባቄላና የአደንጓሬን የዱር ዘመዶች ዘር የሚሰበስቡ ሴት ናቸው። በቴሌግራም ፎቶዎቹን ላክሁላቸው። በማግስቱ በድምፅ መለሱልኝ፤ ያንን ድምፅ ስንት ጊዜ መልሼ እንደሰማሁት እኔና ስልኬ ነን የምናውቀው። «ልጄ፣ ጎበዝ ነሽ» ይላሉ። «ከእናንተ አካባቢ የተሰበሰበ ዘር በእጄ የለም። አበባው ሳያልፍ እመጣለሁ።»

እውነትም መጡ። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸው ድረስ የሚደርስ የጎማ ቡት ያደረጉ ሴት ከአውሮፕላን ሲወርዱ እንደ ሙሽራ እናት ተሽቀዳድሜ ሻንጣቸውን ተቀበልኳቸው። አብሮን ሌላ ሰው ባይኖር ኖሮ ምናልባት ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር። ግን ለዕፅዋት ማድረቂያው፣ በሁለት ጣውላ መካከል ጋዜጣና ካርቶን ተደራርቦ በቀበቶ የሚታሰር ከባድ ነገር ነው፣ ተሸካሚ ያስፈልገን ነበር። የቤተ ሙከራ ረዳታችንን ይዣት ሄድኩ።

ረዳታችን የአኙዋ ልጅ ናት፤ ባሮ ወንዝ ዳር ባለች መንደር ያደገች። ከእኔ ስምንት ዓመት ታንሳለች። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ እኛ ትምህርት ቤት ተቀጠረች። የቤተ ሙከራውን ብርጭቆ ታጥባለች፣ ቁልፍ ትይዛለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ትዘምራለች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ከሁሉም ቀድማ ራሷ ትስቃለች። ጓደኛዬ ነበረች። ጓደኛዬ ነበረች ስል ግን፣ እኔ የማዝ እሷ የምትታዘዝ ጓደኛሞች ነበርን። ያን ጊዜ እንደዚያ አድርጌ አላየሁትም።

ዶክተሯ ሣሩ ውስጥ ተንበርክከው አበባውን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና ቀና ብለው «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የሚዘጋው?» አልኩ።

ከኋላዬ ማድረቂያውን የተሸከመችው ረዳቴ መለሰች። «ፀሐይ ጠንካራ ስትሆን ይተኛል። ጠዋት እንዲህ ነው። ከሰዓት ይደክማል። ነገ ቢጫ ትሆንና ትወድቃለች።»

ዶክተሯ ወደ እሷ ዞሩ። «ሥሩንስ ታውቂዋለሽ?»

«በልቼው ነው ያደግኩት» አለችና ሳቀች።

ማድረቂያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ደረቅ እንጨት ፈልጋ ከሐረጉ ሥር መቆፈር ጀመረች። ጥቁሩ መረሬ አፈር እግሯ ላይ ተከመረ። ብዙም ሳትቆይ እንደ ቀጭን ስኳር ድንች ያለ ሥር አወጣች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ በጥርሷ ልጣጩን አነሳችና ነጩን ለዶክተሯ ሰጠቻቸው። ዶክተሯ ቆረጥ አድርገው በሉ።

«ዶክተር፣ ሳይታጠብ!» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን አበባ «አውቀዋለሁ» ስል ከአፈሩ በታች ምን እንዳለ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እሷ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ሙከራው ውስጥ ከጎኔ ነበረች። ፎቶውን አላሳየኋትም። ምን ታውቃለች ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ እኔ ከኋላ ሆንኩ። ሁለቱ ከፊት ከፊት እየሄዱ ያወራሉ። «ሜዳው መሃል አትፈልጊው» ትላቸዋለች፣ አንቱታውን ረስታ፤ ዶክተሯም ግድ አልሰጣቸውም። «ክረምት ውሃ እዚያ ይተኛል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ዳር ዳሩን ነው። ኩይሳ አጠገብ፣ መሬቱ ከፍ ያለበት። በበጋ ሰው ሣሩን ያቃጥላል አይደል? ከላይ ያለው ይሞታል። ታች ያለው ግን ይጠብቃል። አንድ ዝናብ ሲመጣ ከሣሩ ቀድሞ ይወጣል።» በቋንቋዋ ስሙን ነገረቻቸው፤ ሦስት ጊዜ አስደገሟትና በማስታወሻቸው ጻፉት። እኔ በላቲን የሚጠራበትን ስም አጥንቼ መጥቼ ነበር። የሚጠይቀኝ ስላጣሁ ዋጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ናሙናውን ስናደርቅ ዶክተሯ «ልጄ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል፤ መለያውን አንቺ ጻፊልን» አሉኝ። ደስ ብሎኝ እስክሪብቶ አነሳሁ። ቦታ፣ የአፈር ዓይነት፣ የአበባ ቀለም። ከዚያ «ሰብሳቢ» የሚል መስመር መጣ። ዶክተሯ የራሳቸውን ስም ነገሩኝ። ቀጥለው የረዳቴን ስም ነገሩኝ። እስክሪብቶዬን አንስቼ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሌላ ጋዜጣ ለመዘርጋት ዞረው ነበር።

በሚያምረው ጽሕፈቴ የእሷን ስም ጻፍኩ።

ማንም ሊበድለኝ ብሎ ያደረገው ነገር አልነበረም። ሥሩን የቆፈረችው፣ ቦታውን ያሳየችው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ያን ቀንም አውቀው ነበር። ማወቄ አልጠቀመኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ በተጠራ ቁጥር ቀናሁ።

ዶክተሯ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሥራ ሰጥተውን ሄዱ። የዚህ አበባ ዘር የያዘው ቆባ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ወደ ላይ ይቆማል። ደርቆ ሲጠቁር በድንገት ይሰነጠቅና እየተጠማዘዘ ዘሩን ይረጫል። ስለዚህ ሳይደርቅ በፊት በቀጭን ጨርቅ መሸፈን አለበት፣ ዘሩ ጨርቁ ውስጥ እንዲቀር። ግን አረንጓዴ ሳለ ቢቆረጥ ዘሩ አይበቅልም። ጠብቆ፣ ቀኑን አውቆ መሰብሰብ ነው። «ይህን አንቺ ታውቂበታለሽ» አሏት ረዳቴን። ለእኔ ቅጹን መሙላት ተሰጠኝ።

ለመሸፈኛ የሚሆን ጨርቅ ስታጣ አሮጌ አጎበር ከቤቴ አመጣሁላት። ይህን ያደረግሁት በደግነት አልነበረም፤ ያለ እኔ እንደማይሆንላት እንድታይ ነው። እሷ ግን ደስ አላት። አጎበሩን ቆራርጣ ትናንሽ ከረጢት ሰፋች፣ በየሐረጉ ላይ አሰረች። ሜዳው ዳር ሣሩ ውስጥ ነጫጭ ከረጢቶች ተንጠለጠሉ። በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትጎበኛቸዋለች። ተማሪዎች ይከተሏት ጀመር። እኔን «ቲቸር፣ ፈተናው መቼ ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ ተማሪዎች እሷን «ለምንድን ነው አበባው የሚጣመመው?» ብለው ይጠይቋታል። ዶክተሯም ስልክ የሚደውሉት ለእሷ ሆነ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ጆሮዬን ጥዬ አዳምጣለሁ። ስትስቅ፣ በምን እንደሳቀች እስካውቅ ድረስ ሥራ አልሠራም።

ትንንሽ ክፋት ጀመርኩ። ተማሪ ፊት አማርኛዋን አርም ነበር፤ «ተሰነጠቀች አይባልም፣ ተሰነጠቀ ነው የሚባለው» እያልኩ። ስታጥብ የሰበረችውን አንድ የመስታወት ቱቦ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አመለከትኩ። ፊቷ ሲጨልም ቅልል ይለኝ ነበር፤ ለአንድ ሰዓት ያህል።

ጥቅምት ወጥቶ ኅዳር ገባ። አንድ አርብ ምሳ ላይ ባለቤቴ እንዲህ አለኝ፦

«ሰኞ ወደ እናንተ ልንመጣ ነው። ያ የትምህርት ቤታችሁ መንገድ ሊሠራ ነው፤ እንኳን ደስ አለሽ።»

«እውነት?»

«አዎ። መጀመሪያ ገረጋንቲ የምንከምርበት ቦታ እንጠርጋለን። ከመገንጠያው አጠገብ ያለውን ሜዳ።»

ገረጋንቲ መንገድ ላይ የሚነጠፍ ቀይ ድንጋያማ አፈር ነው፤ በመኪና ተጭኖ መጥቶ አንድ ቦታ ይከመራል፣ ከዚያ ይበተናል። ሜዳው የቱ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ዳሩን ነው መሃሉን?» አልኩት።

«ዳሩን ነው እንጂ፤ መሃሉ ውሃ ይይዛል። ምነው?»

«ምንም» አልኩ።

ያንን «ምንም» አፌ ላይ አሁንም ይሰማኛል። ያኔ «እዚያ ተክል አለን» ብዬው ቢሆን ኖሮ አሥር እርምጃ ወዲያ ይጠርግ ነበር። ባለቤቴ እንደዚያ ያለ ሰው ነው፤ አንዴ የወፍ ጎጆ አይቶ ማሽኑን አዙሮ ሄዷል። አልተናገርኩም። ክፉ ነገር አስቤ ነው ለማለትም አልደፍርም፤ ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ብዬ ነው ያለፍኩት። ነገ ግን መጣ።

ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ተገናኘን። ዓሣ ስትገዛ ነበር። አይታኝ ከሩቅ እጇን አነሳች።

«ቲቸር! ቆባው መጥቆር ጀመረ። እስካሁን አልነካሁትም። ረቡዕ ይደርሳል።»

«ረቡዕ?»

«ረቡዕ። ዶክተሯ ሐሙስ ሰው ይልካሉ፣ ዘሩን ይወስዳል።» ከገዛችው ዓሣ አንዱን አንስታ ዘንቢሌ ውስጥ ከተተች። «ይሄ ለባለቤትሽ። በጣም ትኩስ ነው።»

«ጎሽ» አልኳት። ከአንደበቴ የወጣው ይኸው ብቻ ነው። ዓሣውን ወስጄ ጠበስኩ፣ ባለቤቴ በላው፣ እጁንም ላሰ።

ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዘጠነኛ ክፍል እያስተማርኩ ማሽኑ ሲነሳ ሰማሁ። የማሽኑን ድምፅ ከሩቅ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ የቤቴ ድምፅ ነው። ረዳቴ የዚያን ቀን ጠዋት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ለዕቃ ወደ ከተማ ወርዳ ነበር። ሮጬ ብወጣ እደርስ ነበር። ከክፍሉ በር እስከ ሜዳው አምስት ደቂቃ አይሞላም። ጠመኔውን አስቀመጥኩ። እንደገና አነሳሁት። ማስተማሬን ቀጠልኩ፣ የቀረችውን ሩብ ሰዓት እስከ ደወሉ ድረስ ሞላሁ።

ባለቤቴ ምሳ ሊበላ ሲመጣ አቧራ ለብሶ ነበር። ውሃ እየጠጣ «አንድ የሚገርም ነገር አየሁ» አለኝ። «ሣሩ ላይ ትናንሽ ነጭ ከረጢቶች ታስረዋል። ልክ የኛን አጎበር ይመስላሉ። ምን እንደሆኑ ለማየት ስወርድ ማሽኑ አልፎባቸዋል። አንዱን አነሳሁት።» ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የተቀደደ፣ ጭቃ የነካው። ውስጡ ግማሽ የተፈጨ ቆባ። «የልጆች ጨዋታ ይሆን?»

«ይሆናል» አልኩት። ከረጢቱን እሱ ሲወጣ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት።

ከሰዓት በኋላ ረዳቴ ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አላለቀሰችም። በቀሚሷ ውስጥ ከአፈሩ የለቀመችውን አራት አምስት ከረጢት ይዛለች። «ቲቸር፣ ማሽን በልቶታል» አለችኝ። «ሁሉንም።» ከዚያ ደግሞ፣ «ማንም አልነገረኝም» አለች። አጠገቧ ቆሜ ጀርባዋን አሻሸሁላት። ከሠራሁት ሁሉ የሚያስጠላኝ ይህ ነው።

ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ደስታ አልነበረም። ሦስት ቀን ያህል እንደ ተራበ ሰው ሆድ ባዶ ነበርኩ። በዚያ መሃል እንኳ ዶክተሯ ደውለው ሲያጽናኗት ስሰማ ቀናሁ። ሰው ባጠፋው ነገር ላይ የሚቀናው እንዴት ሆኖ ነው? እኔ ሆንኩት።

ነገሩ የወጣው በባለቤቴ ነው፣ ያውም በቅንነቱ። ሐሙስ ዕለት መንገዱ ላይ አግኝቷት፣ ከረጢቶቹን ስትለቅም አይቶ ኖሮ፣ ከማሽኑ ወርዶ ይቅርታ ጠየቃት። «ባውቅ ኖሮ አልነካውም ነበር» አላት። «አርብ ለባለቤቴ እዚህ እንደምንጠርግ ነግሬያት ነበር፤ እሷም ሳታስታውስ ቀርታ ነው።»

ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን የፈተና ወረቀት ሳርም ገብታ ከፊቴ ቆመች።

«አርብ ነግሮሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ቅዳሜ፣ ዓሣ ስሰጥሽ፣ ታውቂ ነበር?»

ረሳሁት ማለት እችል ነበር። ባለቤቴ ሳያውቅ በሩን ከፍቶልኛል። ዓይኗን አየሁ፤ መዋሸት ከበደኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ለምን?»

«ቀናሁብሽ» አልኳት።

ቃሉ ያልገባት መሰለኝ። ቆይታ ግን ራሷን ተመለከተች፤ ቀሚሷን፣ በጠርሙስ ማጠቢያ የቆሰሉ እጆቿን። «በእኔ?» አለች። «እኔ ምን አለኝ? አንቺ ዲግሪ አለሽ። ቤት አለሽ። እኔ ያንቺን ብርጭቆ ነው የማጥበው።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልሰማሁም፤ በእውነት መልስ ፈልጋ ነበር የጠየቀችኝ። ስለ መለያው፣ ስለ ስሟ፣ ስለ ዶክተሯ ስልክ ዝርዝሩን ብነግራት ሁሉም ትንሽ፣ ሁሉም የልጅ ነገር ሆኖ ይሰማል። «አበባው የእኔ መስሎኝ ነበር» አልኳት በመጨረሻ።

«አበባ የሰው አይደለም» አለችና ወጣች።

ያን ቀን ራሴ ለዶክተሯ ደወልኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይገሥጹኛል ብዬ ስጠብቅ «ለእሷ ነግረሻታል?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያስ ለእኔ መናገሩ አያስፈልግሽም ነበር» አሉና ዘጉ። ከዚያ በኋላ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም።

ለባለቤቴም ነገርኩት። ራቱን በልቶ ሲጨርስ ነበር። ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ዓሣውን እኮ በላሁት» አለ። ከዚያ ጀምሮ ነገ የት እንደሚሠራ መናገር አቆመ። ስጠይቀው «ሥራ ላይ» ይለኛል።

ረዳቴ ለሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ በር ላይ መጥታ «ነይ» አለችኝ። «እናቴ ጋ እንሄዳለን። እዚያ ያልተሰበሰበ ይኖራል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል።»

ጥቂት መንገድ በመኪና፣ ቀሪውን በእግር ሄድን። እናቷ አማርኛ አይሰሙም። ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ፒፓቸውን እያጨሱ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝና ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቋት። መለሰችላቸው።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ማሽን እንደሚመጣ አውቃ ዝም ያለችው ይህቺ ናት ወይ አለ።»

«ምን አልሻቸው?»

«አዎ አልኩት።»

እናትየው ተነሥተው ጎጆው ውስጥ ገቡ፣ ጫፉ የሾለ መቆፈሪያ እንጨት ይዘው ወጡና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ቀኑን ሙሉ ባሮ ዳር፣ ከወንዙ ከፍ ባለው ደረቅ መሬት፣ በኩይሳዎቹ ዙሪያ ዞርን። አብዛኛው ቆባ ተሰንጥቆ፣ ተጠማዝዞ፣ ባዶውን ቀርቷል። አንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ግን ዘግይቶ ያበበ ሐረግ አገኘች። ቆባዎቹ ገና እየጠቆሩ ነበር። እሷ ስትለቅም እኔ ከረጢት ያዝኩ። እናትየው ዘሩ የረገፈውን ሐረግ ሥር አስቆፈሩኝ፤ እንዴት እንደሚቆፈር አሳዩኝ፣ ጫፉን ትቼ አፈር እንድመልስበት፣ ለከርሞ እንዲወጣ። ልጣጩን አንስቼ በላሁት። ጣፋጭ ነው፣ ውሃ ውሃ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ እንደ ጥሬ ባቄላ ይመራል። ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶ ያነሳሁት ነገር ጣዕሙ ይህ ነበር።

በዚያ ሰዓት እንኳ፣ እናትና ልጅ ሥር እየላጡ በቋንቋቸው እያወሩ ሲስቁ፣ በሳቃቸው ቀናሁ። ልዋሽ አልፈልግም። እናቴ አሁንም መቲ ነው ያለችው፤ ደኑን ስታቋርጥ የምትለቅመውን ሁሉ ስሙን ታውቅ ነበር፤ እኔ አንዱንም ጠይቄያት አላውቅም።

የሰበሰብነው ዘር የክብሪት ቀፎ ግማሽ አይሞላም። ለዶክተሯ ተላከ። በቅሏል አሉ። በተከታዩ ዓመት ዶክተሯ ረዳታችንን ለሦስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ጠሯት፤ ዘር እንዴት እንደሚደርቅ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ እንድትማር። አውሮፕላን ጣቢያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ጥቁር ሻንጣ ተውሳ ይዛለች፣ አዲስ ጫማ አድርጋለች፣ ጫማው እየጠበባት ትስቃለች። «ቲቸር፣ ብርድ ነው አሉ እዚያ» አለችኝ። የራሴን ሹራብ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ጋምቤላ ውስጥ ሹራብ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም፣ እኔ ለዚያው ብዬ ከቤት ይዤው ወጥቼ ነበር። ሹራቡን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩን ስታልፍ ከልቤ መልካም ተመኘሁላት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ቀናሁባት። ሁለቱ አብረው እንደሚኖሩ ያን ቀን ነው የተረዳሁት።

አሁን ተመልሳለች። በክልሉ እየዞረች ዘር ትሰበስባለች፤ አቦቦ፣ ኢታንግ፣ እስከ ማታር ድረስ በጀልባ ትሄዳለች። ከከተማ ውጭ ያለውን ሁሉ የምሰማው ከእሷ ነው። ይቅር ብላኛለች። ይቅር ማለቷን ለማሳየት ምንም አላደረገችም፤ ዝም ብላ እንደ ድሮው ትጠራኛለች፣ ትቀልድብኛለች፣ አማርኛ ስትሳሳት አርማት እንደሆነ ቆም ብላ ታየኛለች። እንዲህ በቀላሉ ይቅር ማለት መቻሏም ያስቀናኛል።

ባለፈው ሳምንት ክፍሌ መጥታ ስለ ዱር ባቄላ ዘመዶች ለተማሪዎች ተናገረች። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ክፍሉ ሙሉ ጸጥ ብሎ ነበር፤ በእኔ ጊዜ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ አበባው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ጠየቀች፣ ረዳታችንም ወደ እኔ ጠቁማ «ይህን ቲቸር ታውቃለች» አለች። ሁሉም ዞረው አዩኝ። መልሱን አውቀው ነበር። ተነሥቼ ተናገርኩ፣ ከዚያ ተቀመጥኩ፣ እሷም ካቆመችበት ቀጠለች።